ቀን የሌለው ማኅተም

ደማም ወደብ ላይ ነው፣ መጋዘን ሰባት፤
ከመርከብ ሲወርድ የዱቄት ወተት፣
ቆጣሪው እኔ ነኝ፣ በእርሳስ፣ በጣት፤
አራት ቋሚ መስመር፣ አንድ አግድም ለአምስት።
አለቃችን ኩንጁ፣ ኬረላ አገሩ፣
በፉጨት ነው ትእዛዙ፣ በፉጨት ምክሩ።

ነሐሴ ነበረ፤ ላብ እንደ ጨው የሚላስ፣
ሸሚዝ እንደ ቆዳ ተጣብቆ የሚለበስ።
ማኅተም ነበረን፣ ቀኑ በጎማ ቁጥር፣
በጥፍር ተገፍቶ በየማለዳው የሚዞር።
በዚያ ሰሞን ሙቀት ጎማው ለሰለሰ፣
ሰባቱ ከስምንት ተጣብቆ ፈረሰ።
ኩንጁ አንዴ አፏጨ። ምታው ማለቱ ነው።
መታሁ። ወረቀቱ ላይ የታየው
ክብ ብቻ ነው፣
መሐሉ ዓይን የሌለው።

ደግሞ ሌላም አለ፣ መዝገብ ያልገባ፦
መረቡ ተበጥሶ ከረጢት አርባ
ከሲሚንቶ ወድቆ፣ እንደ ጉም ተነሥቶ፣
ሁላችን ነጣን፤ ማን ከማን ተለይቶ!
ታሚሉን፣ ባሉቹን፣ እኔን የከሚሴውን
አንድ ልብስ አለበሰን፣ ሰፊ የማያውቀውን።
በመጥረጊያ ጠረግን፤ በባልዲ በጠበጥን፤
ይጣፍጣል፣ ይከብዳል፤ እስኪነጋ ጠጣን።

አሥራ አንድ ዓመት አልፎ፣ ባንድ የቀትር ሰዓት
ጠበቃ መጣልኝ፣ ሻንጣ ሙሉ ወረቀት፤
አስተርጓሚው ናዲም፣ የቤይሩት ልጅ፣
ቃሉን እንደ ሐር ጨርቅ በጣቱ የሚያበጅ።
«ሰይድ እንድሪስ» አለኝ፤ ዞሬ አየሁ ከኋላ፤
«ያ ሐበሺ!» እንጂ ስም አልነበረኝ ሌላ።

«ይህን ያውቁታል?» አለ። ክቡን ዘረጋ።
አወቅሁት፤ ላቤ ነው ጫፉ ላይ የረጋ።
«አገራችን» አለኝ፣ «ለእያንዳንዱ ኪሎ
ለነጋዴው ከፈለ፣ ‹ወተቱን ሽጥ› ብሎ፤
የከፈለውን ሊተካ ብራስልስ ያለው ካዝና
‹ቀን የለውም ማኅተሙ፣ መድረሱ አልታወቀም› አለና
አልመልስም ብሎ በሩን ዘጋብን፤
ይኸው በችሎት ነን፣ ስንት ዓመት አለፈን።
የሚሊዮን ነገር ነው፤ ምስክሩ እርስዎ ነዎት፤
ያ መርከብ መች ደረሰ? ያስታውሱታል ዕለት?»

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚሉት የኛ ሰዎች
ተረት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አሏት ጠበቆች!

እኔም አለኝ ጉዳይ፦ የአራት ወር ደመወዝ፤
ሥራ ጉዳይ ቢሮ ስመላለስ፣ ስፈዝ፤
ቀኑ ቁልጭ ያለ፣ ማኅተሙ ሙሉ ነው፤
ጠበቃ የለውም።
ቀን ብቻ ነው ያለው።

«ደርሷል» አልሁ በመጨረሻ። «ዕለቱ ጠፍቶኛል።
ከአራት ሺው አርባው ግን እጃችን ላይ ፈሷል፤
እኔም ጠጥቻለሁ፤ ጓደኞቼም ጠጡ፤
ፂማችን ነጥቶ ነው እንግዶች የመጡ።»
ናዲም ትክ ብሎ አየኝ፤ ወደ ሰውየው ዞሮ
ነገረው፣ ቃሌን ሁሉ ጭራና ቀንዱን አሳጥሮ፤
እኔ ብዙ ሰጠሁ፣ እሱ ሦስት ቃል አደረሰ፤
የቀረው መንገድ ላይ፣ እንደ ወተቱ፣ ፈሰሰ።

ጥር ላይ ደወለልኝ፦ «ችሎቱ ፈረደ፤
ከመቶ አምስቱን ቆርጦ ሌላውን ፈቀደ።»
አምስት?
ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤
አርባ ከአራት ሺህ፣ ከመቶ አንድ አገኘሁ።

በሲጋራ ካርቶን ላይ አሰመርሁት እንደ ዱሮ፦
አራት ቋሚ፣ አንድ አግድም፣ እንደ አጥር ታጥሮ።
አግድሟ የእኛ ናት፤ አልክድም፤ ጠጥተናል።
የቆሙት አራቱ ግን ከማን ሆድ ገብተዋል?